የእጅ ኮምፒዩተርና አስተናጋጁ ኮምፒዩተር ማኅደራቸውን ስለሚጋሩበት መንገድ፤ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች እንደሚታየው

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ ገበያ አካባቢ የሚያልፍ ሰው «ሙዚቃና ፊልም በሜሞሪ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠባብ ሱቅ ማየቱ አይቀርም። በሱቁ ውስጥ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር፣ አንድ ጥቅል ገመድና ሁለት ወይም ሦስት የካርድ ማንበቢያ ይገኛል። ደንበኛው ስልኩን ወይም ከስልኩ ያወጣውን ካርድ ይሰጣል፤ ባለሱቁም የተጠየቀውን ከኮምፒዩተሩ ወደ ካርዱ ይገለብጥለታል። ከዚያው አጠገብ ደግሞ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ በዚያም ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ገበሬው የመሬት ደብተሩን ፎቶግራፍ፣ የቡና ነጋዴው ደረሰኙን ከስልክ አስወጥቶ በወረቀት ያሳትማል። የሁለቱም ቤቶች ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሽ ኮምፒዩተርና በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ትልቁ ኮምፒዩተር በየማኅደራቸው ያለውን ይጋራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህ መጋራት እንዴት እንደሚከናወን፣ ስለ ምንስ አንዳንድ ጊዜ እንደሚሰናከል ነው። ስልክ እጅግ የተለመደ ዕቃ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ኮምፒዩተር መሆኑን ይረሳል፤ ስለዚህ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገርበት ሥርዓት እንዳለውም አያስብም። እኛም የዚህ አገር ልጆች ስለ ሆንን፣ ነገሩን ለመመርመር የተነሣነው ለጨዋታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ 24 ቀን ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ አገልግሎቱ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ ሳይመለስ ቆይቷል። በመካከሉ መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያ ሦስት ወር ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ የትምህርት ማስታወሻ ወይም አንድ የሕክምና ምክር ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ፣ ከዚያም አልፎ ጊምቢና መንዲ ሊደርስ የሚችለው በአውቶቡስ፣ በሰው ኪስ ውስጥ ባለ ካርድ ወይም ስልክ ብቻ ነበር። ራዲዮ እርግጥ ነበር፤ ነገር ግን ራዲዮ የሚናገረውን እንጂ ተማሪው የሚፈልገውን መጽሐፍ አይሰጥም። እንግዲህ ኪስ ውስጥ የመጣው ነገር ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ሁለት ማኅደሮች መገናኘት አለባቸው።

ነገሩ በገመድ ይጀምራል። የተለመደው የዩ ኤስ ቢ ገመድ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ኀይል ያስተላልፋሉ፤ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ። በገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ ኀይል የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው ያሏቸው። በእንደዚህ ያለ ገመድ የተገናኘ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ በኮምፒዩተሩ ላይ አይታይም። «ስልኬ ተበላሸ» ወይም «ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገብቶበታል» እየተባለ ከሚነገረው አቤቱታ ብዙው በሌላ ገመድ በመሞከር ብቻ የሚፈታ ነው። ገመዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ስልኩ ካልታየም ሌላ ምክንያት አለ፤ ከአንድሮይድ 6.0 ወዲህ ያሉ ስልኮች ሲሰኩ ቻርጅ ብቻ ማድረግን ይመርጣሉ። ባለቤቱ የስልኩን ቁልፍ ከፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች በሚሳበው ማስታወቂያ ላይ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን እስኪነካ ድረስ ለኮምፒዩተሩ ምንም አያሳዩም። ይህ የተደረገው ስልኩን ያገኘ ሌባ ወይም ቻርጅ እናድርግልህ ያለ ሰው በውስጡ ያለውን እንዳያይ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም ማኅደሩን የሚያዝዘው ማን ነው የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ «ሆስት» የሚባለውን ኮምፒዩተር እኛ አስተናጋጅ ብለነዋል። በዩ ኤስ ቢ ሥርዓት ውስጥ አስተናጋጁ ጠያቂና አዛዥ ነው፤ ተሰኪው መሣሪያ ግን ሳይጠየቅ አይናገርም። አዛዥነቱ እስከ የት እንደሚደርስ ግን በሁለት ልዩ ልዩ ሥርዓቶች ተወስኗል፤ እነዚህንም ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ነገሩን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እንመስለው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት አለ፤ የመዝገብ ቤቱም ሠራተኛ አለ። ሠራተኛው እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚጽፍበት አንድ ትልቅ መዝገብ ይይዛል። አሁን ከሌላ መሥሪያ ቤት አንድ ሹም መጥቶ ፋይል ማየት ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሠራተኛው ቁልፉንና ትልቁን መዝገብ ለሹሙ አስረክቦ ከክፍሉ ይወጣል፤ ሹሙም ራሱ እየገባ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ መዝገቡንም ራሱ ያስተካክላል። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው ከቦታው ሳይነሣ ሹሙ በመስኮት በኩል «እገሌ የተባለውን ፋይል አምጣልኝ፤ ይህንንም አስቀምጥልኝ» እያለ ይጠይቀዋል።

የመጀመሪያው መንገድ በዩ ኤስ ቢ ቋንቋ «ማስ ስቶሬጅ» ይባላል። ፍላሽ ዲስክና የካርድ ማንበቢያ የሚሠሩት በዚህ ነው፤ የቀድሞዎቹ የኖኪያና የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ኮምፒዩተሩ ማኅደሩን እንደ ራሱ ዲስክ አድርጎ ይይዘዋል፤ «ኢ» ወይም «ኤፍ» የሚል ፊደልም ይሰጠዋል። ጥቅሙ ፍጥነቱና ቀላልነቱ ነው። ጉዳቱ ግን በምሳሌው እንደ ታየው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መዝገቡን ሊይዝ አለመቻሉ ነው። ስልኩም ኮምፒዩተሩም በአንድ ጊዜ ቢጽፉበት፣ አንዱ ባዶ ነው ብሎ ያሰበውን መደርደሪያ ሌላው ሞልቶት ይገኛል፤ መዝገቡም እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ የድሮው ስልክ ከኮምፒዩተር ጋር በተያያዘ ጊዜ ካርዱን ለራሱ ይዘጋ ነበር፤ በካርዱ ላይ የነበሩት ሙዚቃዎችና ፎቶግራፎችም ገመዱ እስኪነቀል ድረስ ከስልኩ ይጠፉ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ «ኤም ቲ ፒ» ይባላል። የመነጨው ለፎቶግራፍ ካሜራ ከተሠራ ሥርዓት ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለሙዚቃ ማጫወቻ መሣሪያዎች አስፋፋው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከዩ ኤስ ቢ ሥርዓቶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። አንድሮይድ ከ3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ወደዚህ ዞረ። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንዱ፣ ስልኩ ፕሮግራሞቹንና የባለቤቱን ፋይሎች በአንድ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ ስለ ጀመረ ቁልፉን አሳልፎ ቢሰጥ ራሱም መሥራት አይችልም። ሌላው፣ ስልኩ በውስጥ ማኅደሩ የሚጠቀምበት የመደርደሪያ አሠራር በዊንዶውስ ዘንድ የማይታወቅ ነው፤ በመስኮት ከተጠየቀ ግን አሠራሩን ጠያቂው ማወቅ አያስፈልገውም። የዚህ መንገድ ጉዳት በጽሕፈት ቤቶች በየቀኑ ይታያል። ተማሪው ስልኩን በገመድ ያገናኝና በስልኩ ውስጥ ያለውን የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ያርመዋል። በኤም ቲ ፒ የተከፈተ ፋይል ግን ለጊዜው ወደ ኮምፒዩተሩ የተገለበጠ ቅጂ ነው። ያረመው ወደ ስልኩ ሳይመለስ፣ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ቦታ ቀርቶ፣ ባለሱቁም ማታ ሲያጸዳው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር ፋይሉን በመጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ ዴስክቶፕ መገልበጥ፣ ማረም፣ መዝጋት፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ወደ ስልኩ መገልበጥ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ኅትመት በሚጣደፍበት በሰኔ ወር በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለቀሰ የተመራቂ ተማሪ ያየ ሰው ተራ አይለውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ሐሳብ አለ፤ መጋራትና ማመሳሰል አንድ አይደሉም። ስማርት ስልክ ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓልም ፓይለት የተባለው የእጅ ኮምፒዩተር ከአስተናጋጁ ጋር የሚገናኘው በማስቀመጫው ላይ አኑረው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ የየራሳቸውን ቅጂ አስተያይተው፣ በአንዱ የተለወጠውን በሌላው ላይ ይለውጡ ነበር እንጂ አንዱ የሌላውን ማኅደር አይከፍትም። ማመሳሰል ሁለት ቅጂ ይፈጥራል፤ ስለዚህ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። መጋራት ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው የሚያየው አንድ ነገር። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው በሚጠበቀው ነገር ዓይነት ነው።

በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት ታብሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ያስፋፋው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኮምኬር በተባለ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ነው። ሠራተኛዋ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች የነፍሰ ጡሯን፣ የሕፃኑን፣ የክትባቱን ነገር በታብሌቱ ላይ ትመዘግባለች፤ ኔትዎርክ ባይኖርም ሥራው አይቋረጥም። መረጃው በታብሌቱ ውስጥ ተዘግቶ ይቆይና ኔትዎርክ ሲገኝ ወደ ማዕከሉ ይላካል። ይህ ማመሳሰል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ምክንያቱም የሕመምተኛ ጉዳይ በተራ ካርድ ላይ ተገልብጦ በየሱቁ መዞር የለበትም። ሆኖም ኔትዎርክ ለብዙ ሳምንታት ከጠፋ መረጃው ያለው በአንድ ቅጂ ብቻ ይሆናል፤ ታብሌቱም ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ የነፍሰ ጡሯ የክትትል መዝገብ አብሮ ይሄዳል።

ለእንዲህ ያለው ችግር የተዘጋጀ አንድ መፍትሔ በሕዝብ ቆጠራ መሣሪያዎች ላይ ይታያል። አራተኛው የኢትዮጵያ ሕዝብና ቤት ቆጠራ በታብሌት እንዲካሄድ ታቅዶ ብዙ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ግን በተደጋጋሚ ተላልፎ፣ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. ፓርላማው እንደ ገና አስተላልፎታል። በብዙ አገሮች ለቆጠራ የሚያገለግለው ሲ ኤስ ፕሮ የተባለው፣ የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ የቆጣሪዎቹ ታብሌቶች የሰበሰቡትን በብሉቱዝ ለተቆጣጣሪው ታብሌት እንዲያስረክቡ ያስችላል። ኔትዎርክ ወዳለበት ከተማ መሄድ ያለበት ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። በዚህ አሠራር የእጅ ኮምፒዩተሩ ራሱ አስተናጋጅ ይሆናል፤ ሁለተኛ ቅጂም በዚያው ምሽት ይገኛል። ለጤና ሥራም ከዚህ የተማረ ሥርዓት ቢዘጋጅ፣ ምሥጢሩ ሳይገለጥ፣ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ገመድ ከሌለ ሦስት ሌሎች መንገዶች አሉ፤ እነዚህም በፍጥነት እጅግ ይለያያሉ። ብሉቱዝ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያህል ስለሚያስተላልፍ አንድ ጊጋባይት ፊልም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በዩ ኤስ ቢ 2.0 ገመድ፣ ካርዱ ፈጣን ከሆነ፣ ያው ፊልም በግማሽ ደቂቃ ወይም በአንድ ደቂቃ ይገባል፤ ርካሽ ካርድ ላይ ሁለት ደቂቃም ሊወስድ ይችላል። በስልኮች መካከል በዋይ ፋይ የሚያስተላልፉት ዜንደርና ሼርኢት የተባሉት ፕሮግራሞች በመካከሉ ይቆማሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ተማሪዎች በእነዚህ ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም፣ ገንዘብም አይቆርጡም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መግለጽ አለብን። ዋይ ፋይ ኢንተርኔት አይደለም። ዋይ ፋይ በቅርብ ያሉ ኮምፒዩተሮችን በሬዲዮ ሞገድ የሚያገናኝ ገመድ አልባ መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ሊመጣም ላይመጣም የሚችል እንግዳ ነው። ስልኩ «ሆትስፖት» ሲከፈት ራሱ ትንሽ መንደር ይመሠርታል፤ ለሚመጣው ኮምፒዩተርም ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የቤት ቁጥር ያድለዋል። እነዚህ ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ ለግል መንደሮች የተተዉ ስለ ሆኑ ከግቢው ውጭ አይታወቁም። በዚህ መንደር ውስጥ የሚተላለፈው ፋይል አንድ ፊደል እንኳ በቴሌ ማማ በኩል አያልፍም፤ ስለዚህ የካርድ ገንዘብ አይቆጥርም፤ መስመር ተቋርጦም ቢሆን ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የራሳቸውን ሆትስፖት ለመክፈት መጀመሪያ የሚያካፍሉት ኢንተርኔት እንዲኖራቸው ይጠይቃሉ። ስልክ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ መስመር በሌለበት ቀን መንደሩን የሚመሠርተው ስልኩ ይሁን፤ ኮምፒዩተሩም እንግዳ ሆኖ ይግባ።

መንደሩ ከተመሠረተ በኋላ ኮምፒዩተሩ ከፎልደሮቹ አንዱን ያጋራል፤ በስልኩ ላይ ያለው የፋይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራምም የኮምፒዩተሩን ቁጥር ጽፎ ይገባበታል። ይህ የሚሠራበት ቋንቋ ኤስ ኤም ቢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአይ ቢ ኤም ባሪ ፋይገንባውም የነደፈው ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ውጭ ያሉ ኮምፒዩተሮች እንዲናገሩት ያደረገው ሳምባ የተባለውን ፕሮግራም በካንቤራ የጀመረው አንድሩ ትሪጅል ነው። ኤስ ኤም ቢ ከኤም ቲ ፒ የሚለየው ፋይሉን በቦታው ሆኖ ለማንበብ በመቻሉ ነው። በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ነበር፤ አንዱ ቤት የሚወሰድ፣ ሌላው ግን እዚያው ተቀምጦ የሚነበብ። መዝገበ ቃላቱ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ከጠረጴዛው አይነሣም ነበር፤ ሁሉም ግን በተራው ያየዋል። ኤም ቲ ፒ መጽሐፉን ቤት መውሰድ ነው፤ ኤስ ኤም ቢ ግን እዚያው ተቀምጦ ገጽ በገጽ መግለጥ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በስልኩ ላይ ሳይገለበጥ፣ ከኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ እየተነበበ ሊታይ ይችላል፤ የስልኩም ማኅደር አይሞላም።

ሆኖም አሮጌ ኮምፒዩተሮች ባሉባቸው ሱቆች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የኤስ ኤም ቢ ስሪት እጅግ ደካማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያስደነገጠው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተዛመተው በዚያ ስሪት ቀዳዳ ነው። ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የሚጫነው ዊንዶውስ 10 አሮጌውን ስሪት አብሮ አያስገባም። ስለዚህ በአሮጌ ስልክ ላይ ያለ የፋይል ማስተዳደሪያ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር መግባት እምቢ ቢለው፣ መፍትሔው አንዳንድ ባለሱቆች እንደሚያደርጉት አሮጌውን ስሪት መልሶ መክፈት ሳይሆን የስልኩን ፕሮግራም ማደስ ነው።

ስለ ቫይረስ ከተነሣ ዘንድ በከተሞቻችን በጣም የታወቀው «ሾርትከት» የሚባለው ነው። ይህ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋም። በካርዱ ላይ ያሉትን ፎልደሮች የተሰወሩ ያደርግና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው የውሸት መግቢያዎች ያስቀምጣል፤ ሰው መግቢያውን ሲነካ ቫይረሱ ወደዚያ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ካርድ። በመናኸሪያ አጠገብ ያለ አንድ ኮምፒዩተር በቀን ስንት ካርድ እንደሚነካ ለሚያስብ ሰው የመዛመቱ ፍጥነት አያስደንቀውም። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ደንበኞች «ፋይልህ ጠፍቷል» ተብለው ካርዳቸውን ፎርማት ማስደረጋቸው ነው። ፋይሉ እኮ እዚያው አለ! የተሰወሩ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ፣ እንዲሁም የሥርዓት ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ማንሣት፣ ወይም ካርዱን ወደ ስልኩ መልሶ በስልኩ ማየት ይበቃል፤ የዊንዶውስ ቫይረስ በአንድሮይድ ላይ አይነሣምና።

ሌላው የካርድ ነገር መጠን ነው። ብዙ ካርዶች ፋት 32 በተባለው የመደርደሪያ አሠራር ይዘጋጃሉ። በዚህ አሠራር የአንድ ፋይል ርዝመት የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ሊቀመጥ አይችልም፤ ካርዱ ባዶ 32 ጊጋባይት ቢሆን እንኳ «ቦታ የለም» ወይም «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። መፍትሔው ካርዱን ኤክስፋት በተባለው አሠራር ማዘጋጀት ነው፤ ነገር ግን አሮጌ ስልኮች ይህን አያነቡትም። ከዚህም ሌላ አንድሮይድ 6.0 ካርዱን የስልኩ የውስጥ ማኅደር አካል ለማድረግ የሚያስችል ምርጫ አምጥቷል። ይህን የመረጠ ሰው ካርዱ በዚያ ስልክ ምሥጢር ስለሚቆለፍ ስልኩ ሲበላሽ ካርዱን አውጥቶ በሌላ ቦታ ሊያነበው አይችልም። የልጁን የልደት ፎቶግራፎች ይዞ ለሚመጣ አባት ይህን ማስረዳት ለባለሱቁ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ግን ሙሉውን ስልክ ለባለሱቅ አስረክቦ ወደ ገበያ የመሄድ ልማድ ነው። ሰው «ሙዚቃ ጫንልኝ» ብሎ ስልኩን ከነቁልፉ ይሰጣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። በኤም ቲ ፒ የተከፈተ ስልክ ሙዚቃውን ብቻ አያሳይም፤ የሠርግ ፎቶግራፉን፣ የመታወቂያውን ቅጂ፣ የባንክ ደረሰኙን ሁሉ ያሳያል። ሐቀኛ ባለሱቅ ብዙ ነው፤ ሥርዓቱ ግን በሐቀኝነት ላይ ብቻ መቆም አልነበረበትም። ዘዴው ቀላል ነው። ለሙዚቃ የሚሆን ሌላ ትንሽ ካርድ መያዝና ካርዱን ብቻ መስጠት፤ ወይም ባለሱቁ በሆትስፖት የሙዚቃውን ፎልደር ለንባብ ብቻ አጋርቶ ደንበኛው በገዛ ስልኩ የሚወደውን እንዲመርጥ ማድረግ። በሁለተኛው መንገድ የሚከፈተው የሱቁ ጎተራ ነው እንጂ የደንበኛው አይደለም። በአንዳንድ ሱቆች ይህ ሲጀመር አይተናል፤ ደንበኛውም ራሱ እየመረጠ ስለሚወስድ ወረፋው አጭር ሆኗል።

ይኸው ዘዴ ለትምህርት ቤትም ይሆናል። ኪዊክስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ነጻ ፕሮግራም ውክፔዲያን ወደ አንድ ትልቅ ፋይል አጥፎ በአስተናጋጅ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጠዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ስልኮችም ያለ ኢንተርኔት በብራውዘራቸው ያነቡታል። በወንጪና በወለንጪቲ እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት ለማንበብ ላልተማሩ ሕፃናት ታብሌት በሰጠ ጊዜ፣ አንድ ሰው በየሳምንቱ እየሄደ የታብሌቶቹን ካርዶች በመለወጥ ሕፃናቱ የሠሩትን ይሰበስብ ነበር። በዚያ የካርዱ ጉዞ ከመንደሩ ወደ ተመራማሪው ነበር። በእኛ ከተሞች የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ከነቀምቴ፣ ለምሳሌ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ስላሉት፣ በየጊዜው የታደሰ አንድ ዲስክ በመኪና ቢመላለስ፣ መስመር ሲቋረጥ ተማሪው ባዶ እጁን አይቀርም። ወጪው የአንድ ዲስክና የአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ዋጋ ነው።

ለማተም የሚመጣው የአማርኛ ጽሑፍ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ ሲሄድ ፊደሉ አይለወጥም፤ የላቲን ፊደል በሁሉም ዘንድ አንድ ቁጥር አለውና። የአማርኛ ጽሑፍ ግን በቪዡዋል ግዕዝ ወይም በአሮጌው የፓወር ግዕዝ አጻጻፍ የተዘጋጀ እንደ ሆነ፣ ፊደላቱ በውስጥ የተቀመጡት በላቲን ፊደላት ቁጥር ነው፤ ያ ፎንት በሌለበት ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ድብልቅልቅ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ጽሕፈት ቤቶች ግን በለመዱት ፎንት መጻፍን እስከ ዛሬ አልተዉም። ፋይሉ ያለ ምንም ጉድለት ተላልፏል፤ ቢሆንም አይነበብም። የተጻፈበትን ፎንት ማወቅ ካልተቻለ፣ ባለጽሕፈት ቤቱ ፋይሉን ወደ ስልክ ከመገልበጡ በፊት ፎንቱ አብሮ የሚታሰርበት ፒ ዲ ኤፍ አድርጎ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ የሚታረመውን ዋና ቅጂ ደግሞ በዩኒኮድ እንዲጽፍ ከመጀመሪያው መንገር ይገባል።